ያልተነበበ ጽሑፍ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሰው ሥራ የሚገለብጡበት ምክንያት

የጽሑፍ ስርቆት የሚባለው አንድ ሰው ሌላው የጻፈውን ዐረፍተ ነገር፣ የደረሰበትን ሐሳብ፣ ያሰባሰበውን መረጃ ወይም ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ ምንጩን ሳይጠቅስ የራሱ ሥራ አስመስሎ ሲያቀርብ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች «ፕላጃሪዝም» እየተባለ የሚጠራው ይህ ጥፋት ከፈተና ኩረጃ ጋር አንድ ተደርጎ ይታይ እንጂ በመሠረቱ ይለያል፤ አጤሬራ ይዞ ፈተና የሚገባ ተማሪ የሚሠራው ነገር የተከለከለ መሆኑን አሳምሮ ሲያውቅ፣ ከመጽሐፍ ወይም ከኢንተርኔት ገልብጦ አሳይመንት ለሚያስረክብ ተማሪ ግን ክልክሉ የት ላይ እንደሚጀምር ብዙ ጊዜ በግልጽ የነገረው የለም። ስለዚህም «ተማሪዎች ለምን ይሰርቃሉ?» የሚለውን ጥያቄ «የዛሬ ተማሪ ሰነፍ ነው» ወይም «ሥነ ምግባር ጠፍቷል» ብሎ መዝጋት ቀላል ቢሆንም ከችግሩ የሚያስረዳው ጥቂቱን ነው። ስንፍና በየዘመኑ የነበረ ነገር ነው፤ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ታታሪው ተማሪ ጭምር ለምን ይገለብጣል የሚለው ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩት ድርጊቶች በክብደታቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው። በአንደኛው ጫፍ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የመመረቂያ ጽሑፍ አግኝቶ ሽፋኑን፣ የወረዳውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጦ የሚያስረክብ፣ ወይም ገንዘብ ከፍሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሠራ ተማሪ ይገኛል፤ ይህ አውቆ የተሠራ ማታለል ስለሆነ በማንኛውም የትምህርት ሕግ ምሕረት የለውም። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ላይብረሪ ተቀምጦ ሦስት መጻሕፍት አገላብጦ፣ ከየአንዳንዱ አንቀጽ አንቀጽ ወስዶ፣ ቃላቱን በመዝገበ ቃላት እየፈለገ በተመሳሳይ ቃላት ተክቶ ጨርሻለሁ የሚል ተማሪ አለ። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት አሜሪካዊቷ የድርሰት አጻጻፍ መምህርት ሬቤካ ሙር ሃዋርድ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ከሌላው ለይታ አጥንታዋለች፤ ጥፋተኛነቱን ከመመዝገብ ይልቅ አንድ ተማሪ ገና ያልተካነውን የዕውቀት ዘርፍ ቋንቋ ለመልመድ ሲጣጣር የሚያልፍበት ደረጃ አድርጎ ማየት ይገባል ስትልም ተከራክራለች።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ መጽሐፍ «በደጋማ አካባቢዎች ለአፈር መሸርሸር ዋነኛው ምክንያት ተዳፋት መሬት ያለ እርከን መታረሱ ነው» ይላል እንበል። ተማሪው ይህን ወስዶ «በደጋ ስፍራዎች ለአፈር መከላት ዋናው መንስኤ ተዳፋታማ መሬት እርከን ሳይሠራለት መታረሱ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሰባት ያህል ቃል ተለውጧል፤ የዐረፍተ ነገሩ አጥንት ግን እንዳለ የመጽሐፉ ነው፣ ምንጩም አልተጠቀሰም። ያነበበው የገባውና የራሱ ጉዳይ ያለው ተማሪ ቢሆን ኖሮ ግን «ጸሐፊው እርከን አለመሠራቱን እንደ ዋና ምክንያት ያቀርባል፤ በዚህ ጥናት የታዩት ማሳዎች ግን እርከን ኖሯቸውም የተሸረሸሩ በመሆናቸው ምክንያቱ ሌላም ቦታ መፈለግ አለበት» ሊል ይችል ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የታማኝነት ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛው ተማሪ ምንጩን የጠቀሰው መጥቀስ ሕግ ስለሆነ ሳይሆን ከጸሐፊው ጋር የሚነጋገርበት ነገር ስላለው ነው። የሚለው ነገር የሌለው ተማሪ ምንጭ የመጥቀስን ደንብ ቢያጠናውም ደንቡ ከቅጽ መሙላት አያልፍለትም።

ታዲያ የኢትዮጵያ ተማሪ የራሱን ነገር መጻፍ የሚማረው መቼ ነው? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል፤ ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ ከእንግሊዝኛ ጋር በትምህርት ቋንቋነት በወጉ የሚገናኘው በጉርምስና ዕድሜው ነው፣ ከክፍል ውጭም የሚናገርበት አጋጣሚ እምብዛም የለውም። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ከተሰጡ አማራጮች በመምረጥ የሚሠራ ነው። ፈተናው የማይጠይቀውን ነገር መምህሩ አያስተምረውም፣ ተማሪውም አያጠናውም፤ በተማሪ የተጨናነቀ ክፍል ይዞ በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር የእያንዳንዱን ልጅ ድርሰት እቤቱ ወስዶ ማረም ቢፈልግ እንኳ ጊዜ አይኖረውም። በዚህ መንገድ ያለፈ ወጣት አንድም ቀን የራሱን ሁለት ገጽ ጽፎ፣ ሌላ ሰው አንብቦለት፣ «ይህ ሐሳብህ አልገባኝም፣ እንደገና ጻፈው» ሳይባል ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያው ዓመት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ ይሰጠዋል፤ ይሁንና ኮርሱ በአንድ መንፈቅ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያልተሠራውን ሥራ ሊያካክስ አይችልም። ብዙውን ጊዜ ተማሪው ይዞት የሚወጣው የሪፈረንስ አጻጻፍ ሥርዓትን ነው፤ ነጥቡና ሰረዙ የት እንደሚገባ ይማራል፣ የሰው ሐሳብ ከየት ጀምሮ የት እንዳበቃ፣ የራሱስ ከየት እንደሚቀጥል ለይቶ መጻፍን ግን አልተለማመደም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ተማሪው የሚጽፈውን የሚያነበው ሰው የለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ መስፋፋቱ ለብዙ መቶ ሺህ ወጣቶች የትምህርት በር የከፈተ ትልቅ ሥራ ቢሆንም የመምህራኑ ቁጥርና ልምድ በዚያው ልክ አላደገም። ተከታታይ ምዘና የሚባለው አሠራር፣ ማለትም የተማሪው ውጤት በአንድ ፈተና ብቻ ሳይሆን በመንፈቁ ውስጥ በሚሰጡ ልዩ ልዩ ሥራዎች እንዲመዘን የሚያደርገው ደንብ፣ በሐሳብ ደረጃ ደግ ነው። በተግባር ግን አምስትና ስድስት ኮርስ የያዘ ተማሪ በአንድ መንፈቅ አሥር ያህል አሳይመንት እንዲያስረክብ፣ ሦስት አራት ክፍል የሚያስተምር መምህርም በአንድ ሳምንት በመቶ የሚቆጠር ወረቀት እንዲከመርበት አድርጓል። መምህሩ ሽፋኑን፣ የገጹን ብዛትና የመጨረሻውን ዝርዝር አይቶ ከአሥር ስምንት ይሰጣል። ወረቀቱ አስተያየት ሳይጻፍበት ይመለሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመለስም። ተማሪው ይህን ለመረዳት ከአንድ መንፈቅ በላይ አይፈጅበትም፤ ራሱ የጻፈውና ጓደኛው ከኢንተርኔት ያወረደው ወረቀት እኩል ማርክ ማግኘታቸውን ካየ በኋላ ሌሊት ተቀምጦ መጻፉ እንደ ሞኝነት ይቆጠርበታል።

የግሩፕ አሳይመንት ይህንኑ ያባብሰዋል። ስድስት ወይም ስምንት ተማሪዎች በአንድ ቡድን ይመደቡና ሥራው በአንዱ ወይም በሁለቱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ የቀሩት ለማተሚያና ለጥረዛ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ወይም በማስረከቢያው ዋዜማ «ስሜን እንዳትረሱ» የሚል መልእክት ይልካሉ። ባልጻፉት ጽሑፍ ሽፋን ላይ ስማቸውንና የመታወቂያ ቁጥራቸውን ማስፈር ለሦስትና ለአራት ዓመት የለመዱ ተማሪዎች በመጨረሻው ዓመት የሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ስማቸውን ሲጽፉ አዲስ ነገር እየሠሩ አይመስላቸውም። እንዲህ ያለው ስም ማስገባት ብዙ ጊዜ ስርቆት ተብሎ ስለማይጠራ ብቻ ቀላል ተደርጎ መታየቱ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ልምምዱ የሚጀምረው እዚያ ነውና።

ነገሩን በባህል የሚያሳብቡም አሉ። በዚህ አመለካከት መሠረት የአገሪቱ ነባር ትምህርት በቃል ማጥናት ላይ የቆመ በመሆኑ ተማሪው የመምህሩን ወይም የመጽሐፉን ቃል እንዳለ መድገምን እንደ አክብሮት እንጂ እንደ ስርቆት አይቆጥረውም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት በንባብ ቤትና በዜማ ቤት በቃል መያዝ ዋናው ሥራ መሆኑ እውነት ነው፤ የቅኔ ቤቱ ትምህርት ግን ይህን ክርክር ከሥሩ ይንደዋል። በዋድላም ሆነ በዋሸራ ወይም በጎንጅ ሥርዓት የሚማር የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ የሚባሉትን የቅኔ ዓይነቶች አልፎ እስከ መወድስ ሲደርስ፣ ከመምህሩ የሰማውን ቅኔ መልሶ እንዲያቀርብ አይጠበቅበትም። መምህሩ ቅኔ ዘርፎ ምሥጢሩንና አገባቡን ያስረዳዋል፤ ተማሪው ከዚያ ተነሥቶ ብቻውን በየጥሻውና በየዛፉ ሥር ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፣ ሲመለስም ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ቤት የጎደለበትን፣ ዜማው የተሰበረበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትን እዚያው ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚነግር ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ቅኔ አዲስ መሆን አለበት፤ የተነገረን ቅኔ መድገም ክብር አያሰጥም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ስለ ባህል ኩራት ከመናገር ያለፈ ነው። የቅኔ ቤቱ ተማሪ የማይሰርቀው ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ የተለየ ሕሊና ስለተሰጠው አይደለም፤ ሥራው አጭር ነው፣ በየጊዜው ይቀርባል፣ የሚሰማው መምህር የተማሪውን አቅም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ከቀረበም በኋላ «ይህን ለምን እንዲህ አልህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ትናንት ጉባኤ ቃና ላይ ሲንገዳገድ የነበረ ተማሪ ዛሬ የተዋጣለት መወድስ ይዞ ቢመጣ መምህሩ ወዲያው ያውቅበታል። በዩኒቨርሲቲው የጠፋው ይህ በጸሐፊና በአንባቢ መካከል ያለ ትውውቅ ነው።

ተማሪውን የሚቀርጸው ግን መምህሩ ብቻ አይደለም፤ ጓደኞቹም ናቸው። የጓደኛ ተጽዕኖ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሚገባ የተጠናው በአሜሪካ ነው። ዊልያም ባወርስ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው፣ 99 ኮሌጆችንና 5,000 ያህል ተማሪዎችን ባካተተ ጥናት ከአራቱ ተማሪዎች ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ዓይነት የትምህርት ማጭበርበር መፈጸማቸውን አምነዋል። ዶናልድ ማኬብና ሊንዳ ትሬቪኞ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ጉዳይ በ31 ተቋማት ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን ጠይቀው ሲመረምሩ፣ የተማሪውን ባሕርይ ከሚወስኑት ነገሮች ሁሉ ጎልቶ የወጣው የጓደኞቹ አድራጎት ነበር፤ ተማሪው ሌላው ሁሉ ያጭበረብራል ብሎ ሲያምን እርሱም ያጭበረብራል፣ የቅጣት ፍርሃትም የዚህን ያህል ኃይል የለውም። ይህ ግኝት በኢትዮጵያ የራሱ መልክ አለው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል፤ ኩረጃውን ለመግታት የ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ደግሞ ከጠቅላላው ነጥብ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነዋል። የውጤቱ ማሽቆልቆል መንስኤው ብዙ ነው። ያም ሆኖ ለዓመታት በየፈተና አዳራሹ «ልጆች እንዳይወድቁ» እየተባለ የተደረገው መተጋገዝ ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዞት የሚገባው ልምድ መሆኑ ሊካድ አይገባም።

አርአያ የሚሆኑትም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደሉም። ከሦስት የውጭ መጻሕፍት ተገልብጦ አንድም ምንጭ ሳይጠቀስበት በመምህር ስም የሚባዛ ሃንድአውት ተማሪው ግቢ ሲገባ በመጀመሪያ ከሚያገኛቸው ጽሑፎች አንዱ ነው፤ መምህሩ ያላደረገውን ተማሪው እንዲያደርግ መጠየቅ ደግሞ ክብደት አይኖረውም። ችግሩ በደሀ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ያለ እንዳይመስልም የጀርመን የመከላከያ ሚኒስትር ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ በ2011፣ የሃንጋሪ ፕሬዚዳንት ፓል ሽሚት በ2012፣ የጀርመን የትምህርትና የምርምር ሚኒስትር አኔተ ሻቫን በ2013 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) በዶክትሬት ጽሑፎቻቸው ምክንያት ከሥልጣን መልቀቃቸውን ማስታወስ ይበቃል። ልዩነቱ ዲግሪያቸው ተሰርዞ ጉዳዩ በአደባባይ መታየቱ ነው።

ገበያው ደግሞ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ዲግሪ ለደረጃ ዕድገትና ለደመወዝ ጭማሪ የሚቆጠር ወረቀት ሲሆን፣ ቀን ሥራ ውሎ ማታ ማስተርስ የሚማር የቤተሰብ ኃላፊ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያየው እንደ መጨረሻ ኬላ ነው፤ ኬላውን በገንዘብ ማለፍ የሚቻል ከሆነ ብዙዎች ይከፍላሉ። በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ባሉ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ አሁን አሁን ደግሞ በቴሌግራም ቻናሎች፣ «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ በግልጽ ይለጠፋል፤ ማማከር የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ጽፎ መስጠትን ነው። ይህም ዓለም አቀፍ ንግድ ነው። በኬንያ ሥራ ያጡ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን በአሜሪካና በእንግሊዝ ላሉ ተማሪዎች በክፍያ እየጻፉ የሚተዳደሩበት ሰፊ ገበያ አለ፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2020፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2022 ይህን አገልግሎት መሸጥን በሕግ ከልክለዋል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ፣ መጻፍ የተማረ ተማሪም ሲገዛ መታየቱ የቋንቋ ድክመት ብቻውን ሁሉን እንደማያስረዳ ያሳያል፤ ዲግሪው ከዕውቀቱ ሲበልጥ ስርቆቱ በየትኛውም ቋንቋ ይኖራል።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ የሚረዳው በከፊል ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የሥራውን አገላለጽ እንጂ ሐሳቡን ስላልሆነ፣ ሐሳብ የተሰረቀበት ተመራማሪ በዚህ አዋጅ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ዳኝነቱ የዩኒቨርሲቲው ነው።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መፍትሔ አድርገው የያዙት ተመሳሳይነት መለኪያ ሶፍትዌርን ነው። ተርኒቲንና መሰሎቹ የተማሪውን ጽሑፍ ከኢንተርኔት ገጾች፣ ከመጽሔቶችና ቀድሞ ከገቡ የተማሪ ሥራዎች ጋር አስተያይተው ምን ያህሉ እንደሚመሳሰል በመቶኛ ይናገራሉ። መሣሪያው የሚቆጥረው የቃላትን መመሳሰል እንጂ ስርቆትን አይደለም፤ በአግባቡ የተጠቀሰ ጥቅስም፣ የተለመደ የሕክምና ወይም የሕግ አነጋገርም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ስርቆት ግን በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩ ራሱ ግብ ሲሆን ተማሪው የሚማረው ጽሑፉን ማሻሻል ሳይሆን «ፐርሰንቱን ማውረድ» ነው፤ ይህም ከላይ የታየውን የቃላት መተካካት ጥፋት እንደ ብልሃት ያስተምረዋል። ጽሑፍ የሚያመነጨው ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 (እ.ኤ.አ.) ከመጣ ወዲህማ ከየትም ያልተገለበጠ፣ ተማሪውም ያልጻፈው ጽሑፍ በደቂቃ ውስጥ ይገኛል። ይህን ለመያዝ የተሠሩት መለያዎች ደግሞ ንጹሑን ሊወነጅሉ ይችላሉ፦ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መለያዎች ሲፈትሹ፣ በአማካይ 61 በመቶው በማሽን እንደተጻፈ ተደርጎ በስሕተት ተፈርጇል። በሦስተኛ ቋንቋው እየታገለ ራሱ የጻፈ የኢትዮጵያ ተማሪ በእንዲህ ያለ ማሽን ምስክርነት ብቻ ሊቀጣ አይገባም።

ሰው የሚያደርጋቸው፣ ማሽን ግን ሊተካቸው የማይችላቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። ተማሪው ሐሳቡን በአንድ ገጽ፣ ከዚያ ረቂቁን፣ ከዚያም የታረመውን በየተራ እንዲያቀርብ ቢደረግ ጽሑፉ እንዴት እንዳደገ ይታያል። ርእሱ ተማሪው ሄዶ ባየው ማሳ፣ ባነጋገረው ነጋዴ ወይም በሠራበት ጤና ጣቢያ ላይ ቢመሠረት የሚገለበጥበት ምንጭ አይገኝም። ዲፌንስ ተብሎ የሚታወቀው የቃል ፈተናም ከሥርዓት ማሟያነት ወጥቶ ተማሪው በሁለተኛው ምዕራፍ የጠቀሰው ጸሐፊ ምን እንዳለና እርሱ ለምን እንደተስማማ በዝርዝር የሚጠየቅበት ቢሆን፣ የተገዛ ጽሑፍ ይዞ የመጣው ሰው ብዙ አይራመድም። ቅጣትም ቦታ አለው፤ ሆኖም ጽሑፍ አውቆ የገዛውና ምንጭ መጥቀስ ያልተማረው በአንድ አንቀጽ መቀጣት የለባቸውም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የሚወስደው የመውጫ ፈተና ምርጫ የሚመረጥበት በመሆኑ ተማሪው መጻፍ መቻሉን አይለካም፤ ስለዚህ ይህን የሚያሳየው ሥራ አሳይመንቱና የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የትምህርት ክፍሎች የሚቀጥለውን ዓመት የኮርስ ዕቅድ ሲያወጡ የጽሑፍ ሥራዎችን ቁጥር ይቀንሱ፤ የቀሩትን ግን ረቂቁን ጭምር አንብበው፣ ባለቤቱን ጠይቀው ማርክ ይስጡ። ዩኒቨርሲቲዎችም ለዚህ ንባብ የሚሆነውን ሰዓት በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ ቆጥረው ይመድቡ።